ጨርቁን ገልብጡት

ልጆቼ፣

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ከደሴ ወርዳ ኮምቦልቻ እኔ ጋ አንድ ሳምንት ሰነበተች። አንድ ማታ መጽሐፏን ሶፋው ላይ ትታ ተኛች። አነሳሁና ገለጥ ገለጥ አደረግሁት። ዓይኔን የያዘው የሰዎቹ ልብስ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ጥራት ተቆጣጣሪነት የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከፊት በፊት ጥለት ነው የማየው። ምን ላድርግ?

መጽሐፉ «ሞንስትረስ» ይባላል። በስዕል የሚተረክ፣ ጨለማ የበዛበት ምናባዊ ታሪክ ነው። ጽሑፉ የአሜሪካዊቷ የማርጆሪ ሊው፣ ስዕሉ የጃፓናዊቷ የሳና ታኬዳ ነው። መውጣት የጀመረው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። ጠዋት ልጅቷ መጽሐፉን እጄ ላይ ስታየው ደነገጠች። «ጋሼ፣ ይሄ ለእርስዎ አይሆንም» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። ገና ሲጀምር አንዲት ወጣት፣ ግራ እጇ የተቆረጠ፣ በሰንሰለት ታስራ ራቁቷን ለጨረታ ቀርባለች። ዘጋሁት። በማግስቱ ግን መልሼ ከፈትኩት።

ማይካ ትባላለች። ከጦርነት የተረፈች ናት። ውስጧ አንድ ጥንታዊ ፍጡር አድሮባታል። ይርበዋል፣ ይናገራል፣ ይደራደራታል። ሲርበው ሰው ይበላል። እዚህ ላይ ስደርስ ያደግሁበት ሰፈር ትዝ አለኝ። እኛ ወሎዎች ዛር ከእናት ወደ ልጅ ይወርዳል ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። የሰፈረበትን ሰው «ፈረሱ» ይሉታል። ይጠይቃል፣ ይቆጣል፣ የሚፈልገውን ካላገኘ ፈረሱን ይጥላል። የማይካም ፍጡር በዘር የመጣ ነው። የእናቷን ጉዳይ ሳታጠራ የእሷ አይጠራም። በዛር እመኑ አላልኩም። «ይሄ የፈረንጅ ሰይጣን ነው» እያላችሁ ለምትወረውሩት ግን፣ አያቶቻችሁን አንድ ቀን ቡና ላይ ጠይቋቸው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ። ጨርቅ በፊቱ አይታመንም። እኛ ጣቃውን ከስሩ መብራት ባለው ጠረጴዛ ላይ እየዘረጋን ነበር የምንመረምረው። ደማቅ ህትመት የተበጠሰ ማግ ይሸፍናል። ሲገለበጥ ግን ሁሉም ይታያል። ታኬዳ የሳለችው ልክ እንደዚያ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ የሚያምረውን የሚለብሱት ጨካኞቹ ናቸው። ኃይል ለማግኘት የሌላውን ዘር ሥጋና አጥንት የሚያፈጩ መነኮሳት አሉ፤ ያሉበት ሥፍራ ወርቅ በወርቅ ነው። መጀመሪያ ጌጡን አደነቅሁ። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ግን ጌጡ በማን ሥጋ እንደተገዛ ገባኝና አፈርኩ። ጽሑፉ ይህን አልነገረኝም። ስዕሉ ነው የነገረኝ። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ስታነቡ ቃሉን እየለቀማችሁ አትሩጡ። እኔ እያንዳንዱን ገጽ መጀመሪያ ያለ ጽሑፍ ነው ያየሁት።

ጉድለት የለውም ወይ? አለው። ስሙ፣ ወገኑ፣ ጥንታዊ አማልክቱ ይበዛል። አንዲት ድመት ፕሮፌሰር ለግልገሎቿ ታሪክ የምታስተምርበት ገጽ አለ። ደስ ይላል፣ ግን ለእኔ የተቀደደውን ቦታ የሚጥፍ እራፊ ነው የመሰለኝ። በ2018 እ.ኤ.አ. መጽሐፉ አምስት የአይዝነር ሽልማቶች አግኝቷል፤ አይዝነር በአሜሪካ ለስዕል ታሪኮች የሚሰጥ ትልቅ ሽልማት ነው። ሊውም በዚያው በምርጥ ጸሐፊነት የተሸለመች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች፤ ይገባታል። ከአምስቱ አንዱ ግን ከ13 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች የሚሰጠው ነው። በዚህ አልስማማም። እኔ ለ13 ዓመት ልጅ አልሰጥም።

ሊው ቻይናውያን አያቶቿ ስለ ጃፓን ወረራ ሲያወሩ እየሰማች ነው ያደገችው። ታሪኩም ሰው ከጦርነት በኋላ ምን ሆኖ ይቀራል የሚል ነው። ኪፓ የምትባል ትንሽ የቀበሮ ልጅ አለች። ማይካን እየፈራቻትም ትከተላታለች። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ከነካ በኋላ የጎረቤቴ የልጅ ልጅ ለወራት የአያቷን ነጠላ ጫፍ ሳትለቅ ትዞር ነበር። በጠራራ ፀሐይ፣ በገዛ ግቢያቸው። ኪፓን ሳይ እሷን አየሁ። ከዚህ በላይ አልጨምርም።

የእህቴ ልጅ ራሷም ትስላለች። ልትሄድ ስትል ከጦሳ ተራራ ጉም ውስጥ የሚወጣ ባለ ቀንድ ፍጡር አሳየችኝ። ቀንዱ፣ ጥርሱ፣ ደሙ ሁሉ ተሟልቷል። «የለበሰው ምንድን ነው?» አልኳት። ጥቁር ቀለም ብቻ ነበር። «ማን ሸመነለት? ማንስ አለበሰው?» ተናደደችብኝ፣ እንዳኮረፈች የሐረጎን ዳገት ይዛ ወደ ደሴ ወጣች።

ባለፈው ሳምንት ደወለች። የአያቷን የድሮ ቀሚስ ለስዕሉ እንድልክላት ፈልጋ ነው። ከሳጥን አወጣሁት። ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጬ አጠፍኩና ላክሁላት።