የዋልታ ድብ አሳያችኋለሁ ለሚል አትክፈሉ

ባለፈው እትም በሰሜን ዋልታ አቅራቢያ ስላሉት፣ ስቫልባርድ ስለሚባሉት የኖርዌይ ደሴቶችና በትንሽ መርከብ እዚያ ስለሚደረገው ጉዞ ጽፌ ነበር። ከደሴና ከኮምቦልቻ ብዙ ጥያቄ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። ልጄ ኦስሎ ትኖራለች። ሐምሌ ላይ እኔንና አባቷን ስቫልባርድ ልትወስደን አስባለች። ወሬውን የሰማ ጎረቤት ሁሉ «በስተርጅና በረዶ ውስጥ ምን ልትሠሩ?» ይለናል። እኔ 66 ዓመቴ ነው። እሱ 71 ሞልቶታል፣ የደም ግፊት መድኃኒትም ይወስዳል። እንሂድ ወይስ ይቅርብን? (ደሴ፣ ፒያሳ)

መልስ፦ እትዬ፣ የጋሼ ሐኪም ከፈቀዱ ሂዱ። ጎረቤት የፈለገውን ይበል።

ስለ ብርዱ አብሽሩ። ሐምሌ ላይ ዋናዋ ከተማ ሎንግየርቢየን ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 8 ዲግሪ ነው የምትውለው። የደሴን የታኅሣሥ ሌሊት የለመደ ሰው በዚህ አይደነግጥም። አስቸጋሪው ነፋሱ ነው። ዞዲያክ በሚሏት የጎማ ጀልባ ላይ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ብዙም ሳትንቀሳቀሱ ትቀመጣላችሁ፤ ከበረዶው የሚወርደው ነፋስ ደግሞ ፊት ፊታችሁን ይላችኋል። ስለዚህ ከውስጥ የሱፍ ልብስ፣ ከላይ ነፋስም ውኃም የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ ያስፈልጋል። ጋቢዎን ይያዙ፣ ካቢን ውስጥ ይጠቅምዎታል። ጀልባው ላይ ግን ይቅር፤ ጥጥ አንዴ ከረጠበ ሙቀት አይዝም። ቦት ጫማ የሚያውሱ መርከቦች ብዙ ናቸው፣ ልጅዎ አስቀድማ ትጠይቅ።

የጋሼን ጤና ካነሣን አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። እዚያ የምትውሉት ባሕር ላይ ስለሆነ ትንፋሽ አያጥርም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። መርከቡ ላይ ሐኪም ቢኖርም ሆስፒታል አይደለም። የሎንግየርቢየን ሆስፒታልም ትንሽ ነው፤ ጠንከር ያለ ሕመም ከመጣ በሽተኛው በአውሮፕላን ወደ ዋናው ኖርዌይ፣ ወደ ትሮምሶ ከተማ ይወሰዳል። እንዲህ ያለውን ማመላለሻ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ሳይገዛላችሁ እንዳትሳፈሩ። መድኃኒቱንም ከቀኑ ብዛት እጥፍ አድርጋችሁ ያዙ፣ ያውም በእጅ ሻንጣ።

የእግር መንገዱ አያስፈራም። ብዙውን ጊዜ ሰዉን እንደየአቅሙ ይከፋፍሉታል፤ ረጅም የሚወጣ አለ፣ ባሕሩ ዳር ቆሞ የሚያይም አለ። ከበድ የሚለው ከመርከቡ መሰላል ወደ ጀልባዋ መውረዱ ነው። ሠራተኞች ክንዳችሁን ይይዛሉ፣ ጀልባዋ ግን ከማዕበሉ ጋር ከፍ ዝቅ ትላለች። ጊዜ ስላላችሁ ከአሁኑ ጠዋት ጠዋት የጦሳን ዳገት ትንሽ ትንሽ እያላችሁ ውጡ።

ቪዛው ላይ ተጠንቀቁ። ስቫልባርድ በኖርዌይ ሥር ብትሆንም ከሸንገን ክልል (በአንድ ቪዛ ከሚዞሩባቸው የአውሮፓ አገሮች) ውጭ ናት። ራሷ ቪዛ አትጠይቅም፤ ችግሩ የምትገቡትም የምትወጡትም በኦስሎ ወይም በትሮምሶ መሆኑ ነው። ከኦስሎ ወደ ደሴቶቹ ስትነሡ ከሸንገን ወጣችሁ፣ ስትመለሱ እንደ አዲስ ትገባላችሁ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ከያዛችሁ መመለሻ ላይ ጣጣ ነው። ቢያንስ ሁለት ጊዜ የሚያስገባ ጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ልጅዎ ቅር እንዳይላት። የአንድ ሳምንቱ መርከብ ለአንድ ሰው ብቻ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ለሦስት ሰው ሲሆን ከባድ ነው። ሎንግየርቢየን አርፎ ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚመለስ ጀልባም አለ፤ ሩሲያውያን የድንጋይ ከሰል ሲያወጡባት ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1998 ጥለዋት ወደሄዱት ፒራሚደን ይወስዳል፣ በመንገድ ላይ ኖርደንሾልድ የሚባለውን ግግር በረዶ ፊት ለፊት ያሳያል። ለእናንተ ዕድሜና ለእሷ ኪስ ይኼኛው ይሻላል ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ቴሌግራም ላይ አንድ አስጎብኚ ነኝ ባይ «የዋልታ ድብና ፔንግዊን በዓይናችሁ በብረቱ፣ ከነዋስትናው!» እያለ ቀብድ ይሰበስባል። ውጭ ያሉ ዘመዶቼ ሊከፍሉት ነው። ይታመናል? (ደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

መልስ፦ አይታመንም፤ ዛሬውኑ ደውልላቸው። ፔንግዊን አርክቲክ (የሰሜን ዋልታ አካባቢ) ውስጥ የለም። አንድም የለም። የደቡብ ወፍ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ስለ መርከቡም የሚያውቀው ነገር አይኖርም።

ድብ ግን አለ። በዓለም ላይ ያሉት የዋልታ ድቦች 26,000 ገደማ ይሆናሉ ተብሎ ይገመታል፤ ስቫልባርድን ቤቴ ብለው የሚኖሩት ግን ጥቂት መቶ ናቸው፣ ያውም ከ60,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚበልጥ መሬት ላይ ተበትነው። ድቡ የሚሄደው አቆስጣ ወዳለበት ነው፣ አቆስጣው ደግሞ የባሕሩን በረዶ ይከተላል። በረዶው በነፋስ ሲገፋ ሁሉም አብሮ ይሄዳል። ታዲያ ዋስትናውን የሚሰጠው ማን ሆኖ ነው? ካፒቴኑ ራሱ የነገውን መንገድ የሚወስነው ማታ የበረዶውን ካርታ አይቶ ነው፤ ጠዋት ሲነሡ ፊዮርዱ (በተራሮች መካከል የገባው ጠባብ ባሕር) በበረዶ ተዘግቶ ካገኙት ሌላ ቦታ ይሄዳሉ። ጥሩ አዘጋጅ ይህን ገና ከመክፈልህ በፊት ይነግርሃል። እኔ አዘጋጅ ስመርጥ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው።

ቢገኝም ቅርብ አይደለም። ከእ.ኤ.አ. 2025 መጀመሪያ ጀምሮ ሕጉ ጠብቋል። ከማርች መጀመሪያ እስከ ጁን መጨረሻ ከድብ 500 ሜትር፣ በሌላው ጊዜ 300 ሜትር መራቅ ግዴታ ነው። በ500 ሜትር ላይ ድቡ በስልክ ካሜራ ነጥብ ነው የሚሆነው። ጠጉሩም ከበረዶው አጠገብ ሲታይ ወደ ቢጫ ያደላል፤ አስጎብኚዎቹ በዚያ ነው የሚለዩት፣ ብርዱ ላይ ቆመው ለሰዓታት በመነጽር አድማሱን ሲያጠኑ። ይህንን ሕግ በጣም ነው የምደግፈው። በእነዚያ ወራት እናቲቱ የብርዱን ወቅት ካሳለፈችበት ዋሻ ገና መውጣቷ ነው፣ ግልገል ታስከትላለች፣ አቆስጣ ካላደነች ወተት የለም። የቱሪስት ጀልባ አድኗን ካበላሸባት የሚራበው ግልገሉ ነው። ለዘመዶችህ የምመክረው ጥሩ የርቀት መነጽር እንዲገዙ ነው፤ ለቀብዱ ከሚያወጡት ይሻላቸዋል።

ደግሞ ድብ ባይገኝስ? አልከፌለት የሚሉት ገደል አለ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወፎች የሚፈለፈሉበት። ጥቁር ድንጋዩ ከላይ እስከ ታች ወፍ ነው፣ ድምፁም ልክ በገበያ ቀን የእናንተ ሰኞ ገበያ። ከገደሉ ሥር ቀበሮ የሚወድቅ ጫጩት ይጠብቃል። ዋልረስ አለ፣ ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን፣ ጥርሱ እንደ ዝሆን ወደ ውጭ የወጣ፤ ለጥርሱና ለስቡ ሲባል ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1952 አደኑ ተከለከለና ዛሬ በሺዎች ሆኗል። አርክቲክ ተርን የምትባለው ወፍ መቶ ግራም ገደማ ብቻ ትመዝናለች፣ ግን በየዓመቱ ከዚህ ተነሥታ አንታርክቲካ ደርሳ ትመለሳለች። ጎጆዋ አጠገብ ከሄድክ አናትህን ትወጋሃለች፣ አትፈራም።

እኔን ከሁሉም በላይ የያዘኝ ግን በረዶው ነው። ፊዮርድ ማለት ድሮ ግግር በረዶ ሸለቆውን ፈልፍሎት ሲያበቃ ባሕር የገባበት ቦታ ነው። (የእኛም የባሌና የሰሜን ተራሮች በጥንቱ የቅዝቃዜ ዘመን ግግር በረዶ ነበረባቸው፣ ፍለጋው እስከ ዛሬ ድንጋዩ ላይ ይታያል።) ፊዮርዱ ጫፍ ላይ ግግር በረዶው ባሕር ውስጥ ቆሟል፣ ሰማያዊ ግድግዳ ሆኖ። ሰማያዊ የሆነው በክብደት ብዛት ውስጡ ካለው አየር አብዛኛው ተጨምቆ ስለወጣ ነው። ሞተሩን ሲያጠፉት ውኃው ላይ የሚንሳፈፉት ስብርባሪዎች ይንጣጣሉ፤ ለብዙ ዘመን ታፍኖ የቀረው አየር እየወጣ ነው። ድንገት ከግድግዳው አንድ ትልቅ ቁራጭ ተገንጥሎ ይወድቃል። ማዕበሉ ጀልባ ይገለብጣልና ርቀት የግድ ነው። ተንሳፋፊ የበረዶ ተራራም ያው ነው፤ አሥር እጅ ካልነው ዘጠኙ ያህል ውኃ ውስጥ ነው ያለው፣ ሚዛኑ ሲዛባ ደግሞ ሳይናገር ይገለበጣል። ግዙፎቹን ለማየት የሚሻለው ግሪንላንድ ነው፣ በተለይ ኢሉሊሳት፤ የስቫልባርዶቹ አነስ ይላሉ። ወደ ግሪንላንድ ለሚሄድ ደግሞ ቪዛው ላይ «ለግሪንላንድ ያገለግላል» የሚል መኖር አለበት፣ ተራው የሸንገን ቪዛ አያስገባም።

ጥያቄ፦ ፀሐይ የማትጠልቅበት አገር ሶላት እንዴት ይሰገዳል? ምግቡስ? (ደሴ፣ አራዳ)

መልስ፦ እዚያ ፀሐይዋ ከሚያዝያ 12 ገደማ እስከ ነሐሴ አጋማሽ አትጠልቅም፣ ስለዚህ መግሪብም ኢሻም በዓይን አይለይም። መሠረቱ በመጨረሻው ዘመን ስለሚመጣው አሳሳች፣ ስለ ደጃል የተነገረው ሐዲስ ነው፤ በእሱ ጊዜ አንዱ ቀን እንደ ዓመት ይረዝማል ሲባል ሶሐባዎቹ ስለ ሶላት ጠየቁ፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ጊዜውን ገምታችሁ ስገዱ አሉ። ከዚህ ተነሥተው ዑለማዎች አንዳንዶቹ ሌሊትና ቀን የሚለይበትን ቅርብ አገር፣ አንዳንዶቹ የመካን ሰዓት ተከተሉ ይላሉ። መንገደኛ የሚያሳጥርበትና የሚያጣምርበት ፈቃድም አለ። የቱን እንደምትይዝ ከመነሣትህ በፊት ሰፈርህ ካሉት ሸኽ ጋር ጨርስ፣ መርከብ ላይ የሚጠየቅ ሰው ላይኖር ይችላል። ቂብላው ከዚያ ወደ ደቡብ ነው፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። መርከቡ ስለሚዞር አቅጣጫውን ሠራተኞቹን ጠይቅ።

ሐላል ሥጋ ያለው መርከብ ጥቂት ነው፤ አስቀድሞ ማስመዝገብ ነው። ዓሣና አትክልት ግን ሞልቷል። የፍልሰታ ጾመኞችም ጠይቃችሁኛል፦ ቅቤና እንቁላል የሌለበት ምግብ ስትመዘገቡ ጻፉላቸው፣ ይህን ለምደውታል።

ጥያቄ፦ የዓለምን ዘር ያስቀመጡበት ዋሻ እዚያ ነው ይባላል። ይጎበኛል? (ቦሩ ሜዳ)

መልስ፦ ከውጭ በሩን ብቻ። እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተ ነው፣ ከሎንግየርቢየን አውሮፕላን ማረፊያ ብዙ አይርቅም። አዲስ አበባ ጂን ባንክ (የዘር ማከማቻ) ያለው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም የመኖ ዘሮቹን ቅጂ እዚያ አስቀምጧል።

ጥያቄ፦ በረዶው እየቀለጠ ነው እያላችሁ በናፍጣ መርከብ ሄዶ ማየት ነውር አይደለም? (ደሴ)

መልስ፦ ጥያቄሽ ተገቢ ነው፣ ላለባብሰውም አልፈልግም። አርክቲክ ካለፉት 40 ዓመታት ወዲህ ከዓለም አማካይ ወደ አራት እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ሞቋል። መርከቡም አውሮፕላኑም ያጨሳሉ። ሕጉ የቻለውን አድርጓል፤ ስቫልባርድ ዙሪያ ከባዱ የመርከብ ነዳጅ ተከልክሏል፣ በተጠበቁት ቦታዎች ከ200 በላይ ተሳፋሪ የጫነ መርከብ አይገባም፣ በእነዚያው ውስጥ ሰው የሚወርድባቸው ቦታዎችም 43 ብቻ ናቸው። ጭሱ ግን ጭስ ነው። እኔ የምለው፣ የሚሄድ ሰው በዕድሜው አንዴ ይሂድ፣ በትንሽ መርከብ ይሂድ፣ ከሄደም ረዘም ያለ ጊዜ ይቆይ። በየዓመቱ አገር እየቀያየሩ በረዶ ማሳደድን አልደግፍም። ሦስት ሺህ ሰው የሚጭነውን ተንሳፋፊ ሆቴል ደግሞ ፈጽሞ አልመክርም፤ ያን ሁሉ ሰው ማውረድ ስለማይቻል ፊዮርዱን በመስኮት አይቶ መመለስ ነው።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ነው የምሠራው። አንድ ኤጀንት እንዲህ ያለ መርከብ ላይ አስቀጥርሃለሁ ብሎ ለ«ፕሮሰስ» ብር ጠየቀኝ። ልስጠው? (ኮምቦልቻ)

መልስ፦ እንዳትሰጥ ወንድሜ። እ.ኤ.አ. የ2006ቱ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ሠራተኛን ለማስቀጠር ከሠራተኛው ገንዘብ መቀበልን ይከለክላል። ከአንተ ሊወጣ የሚችለው የፓስፖርት፣ የመርከበኛ ደብተርና የሕክምና ምርመራ ወጪ ነው፣ እሱም ቢሆን ኤጀንት ኪስ አይገባም።

ሥራው ራሱ ግን የማይደረስበት አይደለም። መርከብ ላይ ከካፒቴኑ ይልቅ አብሳዩ፣ አስተናጋጁና ክፍል አጽጂው ይበዛል። ለማንኛውም ቦታ መሠረታዊ የባሕር ደኅንነት ሥልጠና ያስፈልጋል፦ ውኃ ላይ ሕይወት ማትረፍ፣ እሳት ማጥፋት፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ። በኢንጂነሪንግ ከተመረቅህ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የማሪታይም ማሠልጠኛ የመርከብ መኮንኖችን ያወጣል፤ ቢሾፍቱ ባቦጋያም ሌላ አካዳሚ አለ። የሆቴል ሥራ የምታውቅ ከሆነ እንግሊዝኛህን አጠንክርና በቀጥታ በኩባንያዎቹ ድረ ገጽ አመልክት። ለወቅቱ የሚፈልጉትን ሰው መርከቦቹ ከመነሣታቸው ወራት ቀደም ብለው ስለሚመርጡ፣ ለመጪው ክረምት ካሰብህ ወረቀትህን ጥቅምት ሳይገባ አዘጋጅ።