ከትምህርት ቢቀር፣ ከቤት ቢጠፋ፦ ልጅን ሕጉ ምን ያደርገዋል?

ጥያቄ (ቦሌ አራብሳ)፦ የ13 ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት እየቀረ ፑል ቤት ይውላል። ጣቢያ ወስጄ ለአንድ ቀን ቢያስፈራሩልኝስ?

መልስ፦ አይውሰዱት። ከትምህርት መቅረት፣ አምሽቶ መግባት፣ ለወላጅ አለመታዘዝ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ወንጀል አይደሉም። ሕጉ ወንጀል ባላለው ነገር ማንም አይቀጣም (አንቀጽ 2)፤ «ትንሽ ይቅመሳት» ተብሎ የሚታሰር ልጅ ያለ ሕግ ነው የታሰረው። መጀመሪያ ከትምህርት ቤቱ የቀሪ መዝገቡን ይጠይቁ፤ የሚቀርበት ቀንና ክፍለ ጊዜ ብዙ ይናገራል። ካልተፈታ የወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት አለ።

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ልጄ አክስቷ ቤት ሄዳ አልመለስ አለች።

መልስ፦ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መኖሪያዋን የሚወስነው አሳዳጊ ነው፤ ያለ ፈቃድ ብትወጣ እንድትመለስ ማድረግ ይችላል። ይህ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ ክስ የለውም። ከመመለሷ በፊት ግን ለምን እንደሄደች ይጠየቅ፤ ከዱላ ሸሽታ ከሆነ ተጠያቂው ሌላ ሰው ነው። ለገጣፎ ላላችሁ፣ የኦሮሚያ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ የወንጀል ሕጉ ግን አንድ ነው።

ጥያቄ፦ 17 ዓመቱ ነው፣ ግሮሰሪ ቢራ ሲጠጣ ተያዘ።

መልስ፦ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ነው። የሚጠየቀው ሻጩ ነው።

ጥያቄ፦ ስልክ ሰርቆ ቢሆንስ?

መልስ፦ ያ ወንጀል ነው፤ ዕድሜው ይወስናል። 9 ዓመት ያልሞላው በወንጀል አይጠየቅም (አንቀጽ 52)፤ ቤተሰቡ ወይም ትምህርት ቤቱ ይይዘዋል። ከ9 እስከ 15 ያለው በአዋቂ ቅጣት አይቀጣም፦ ተግሣጽ፣ በክትትል ማስተማር፣ ሕክምና፣ ሲከፋ ጠባይ ማረሚያ። ከ15 በላይ ሆኖ 18 ያልሞላው በመደበኛው ሕግ ይጠየቃል፤ ዳኛው ሊያቀልለት ይችላል፣ ሞት ግን አይፈረድበትም።

እስከ 15 ያለ ልጅ ሲያዝ ፖሊስ ወዲያው ፍርድ ቤት ማቅረብ አለበት። ቀጠሮ ከተሰጠ ለወላጅ፣ ለዘመድ ወይም ለታመነ ሰው ይሰጣል፤ ስለዚህ መታወቂያ ይዛችሁ በዚያው ቀን ድረሱ። ጉዳዩ የሚሰማው በዳኛው ጽሕፈት ቤት ነው፣ በግልጽ ችሎት አይደለም።

ጥያቄ፦ የልደት ምስክር ወረቀት የለውም።

መልስ፦ ብዙ ጉዳይ የሚበላሸው እዚህ ነው። መርማሪው ቁመቱን አይቶ «18» ብሎ ይጽፋል፣ ልጁም ከአዋቂ ጋር ይገባል። የክርስትና ወይም የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ቤት ማስረጃ አቅርቡ፤ ከሌለ በሆስፒታል የዕድሜ ምርመራ እንዲታዘዝ ዳኛውን ጠይቁ። ሐኪም የሚሰጠው ግምት ነው። ቃሉን ከመፈረሙ በፊት የተጻፈውን ዕድሜ አንብቡ፤ ኋላ ማስተካከል ይቻላል፣ ግን ቀጠሮ ይበላል።