ዩኒፎርም ከመግዛትሽ በፊት ደንቡን በወረቀት ያዢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ነርሲንግ ጨርሰሽ ሆስፒታል ልትቀጠሪ ነው። ስንት ዩኒፎርም ልግዛ፣ ጨርቁ ጥጥ ይሁን ፖሊስተር፣ ጫማስ ምን ዓይነት ብለሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሰዎች ስለ ቀለምና ስለ ቅድ ብዙ ብለዋል። እኔ ዕድሜዬን ዋርድ ውስጥ ያሳለፍኩ ነርስ ነኝ። በዚህ ጉዳይ አንጀቴ አርሯል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

1. ደንቡን በጽሑፍ ሳትይዢ ምንም እንዳትገዢ። «ነጭ ነው» ቢሉሽ «የታለ የተጻፈው?» በያቸው። ክፍሉ ይለያያል። ለተኝቶ ታካሚ ክፍል የተባለው ለድንገተኛ ላይሆን ይችላል፤ የሕፃናት ክፍል ሌላ፣ ኦፕሬሽን ክፍል ሌላ።

እኔ ስቀጠር የሰው ሀብት ቢሮ ሄጄ ጠየቅኩ። የተቀመጠችው ሴትዮ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ነጭ ጋውን፣ እጅጌው ረጅም» አለችኝ። «የተጻፈ መመሪያ ካለ ልየው?» ስላት «ለአንቺ ብለን መጽሐፍ አናሳትምም» አለችና ወደ ስልኳ ተመለሰች። ቃሏን ይዤ ልብስ ሰፊ ጋ ሄድኩ። ጥሩ ጨርቅ መርጬ በልኬ አሰፋሁ። ደሞዝ ገና አልወጣልኝም፤ ገንዘቡ የብድር ነበር።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የኢንፌክሽን መከላከል ኃላፊዋ ዋርዱ በር ላይ አስቆመችኝ። በትህትና ነው ያናገረችኝ። «እዚህ ክፍል ከክርን በታች ምንም አይለበስም» አለችና እጅጌዬን ያዝ አድርጋ ጠርዙን አሳየችኝ። ጠዋት የተተኮሰ ጋውን ነው። ጠርዙ ላይ የአዮዲን ቡኒ፣ የደረቀ ሽሮፕ፣ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ቢጫ ነገር ነበረበት። ያ ጠርዝ ከአልጋ ወደ አልጋ ስንቱን ታካሚ እንደነካ አስቢው።

ትክክል ነበረች። እጅሽን በደንብ ልትታጠቢ ከሆነ የእጅ አንጓሽም መታጠብ አለበት፤ ረጅም እጅጌ ደግሞ እዚያ አያደርስሽም። እንግሊዝ ውስጥ የጤና መሥሪያ ቤቱ ይህንን እ.ኤ.አ. በ2007 መመሪያ አድርጎ አውጥቶታል፦ እጅጌ ከክርን በላይ፣ የእጅ ሰዓት የለም፣ ከልሙጥ የጋብቻ ቀለበት በቀር የእጅ ጌጥ የለም። ዛሬ ብዙ ቦታ የሚሠራበት እሱ ነው።

ጋውኑን ይዤ ወደዚያው ቢሮ ተመለስኩ። እዚያ የሆነው ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ያቺው ሴትዮ ፊት ለፊቴ «እኔ እንደዚያ አላልኩም» ብላ ሽምጥጥ አድርጋ ካደች። አለቃዋ ደግሞ «የተጻፈ ማስረጃ አለሽ?» አለኝ። እኔ እኮ መጀመሪያ የለመንኳቸው ያንኑ ወረቀት ነው! ይቅርታ የለ፣ መተኪያ የለ። የሰው ፊት እንዲህ በቀላሉ የሚያዋርድ ሰው ሠራተኛ መቀበያ ላይ መቀመጥ አልነበረበትም።

ዝም ብዬ ግን አልቀረሁም። ከኢንፌክሽን መከላከል ኃላፊዋ ጋር ተቀምጠን እያንዳንዱ ክፍል የሚለብሰውን በአንድ ገጽ ጻፍን። እጅጌው፣ ቀለሙ፣ ጫማው፣ ፀጉሩ፣ ጥፍሩ ሁሉ ተዘረዘረ። የየክፍሉን አስተባባሪ እየዞርኩ አስፈረምኩ። አንዳንዱ አመላለሰኝ፤ ቢሆንም አስፈረምኩት። አሁን ያ ቢሮ ራሱ ለአዲስ ተቀጣሪ የሚሰጠው እሷን ወረቀት ነው። በዚህ እኮራለሁ። አንቺም የምትገቢበት ቦታ እንዲህ ያለ ወረቀት ከሌለ ቢሮውን ትተሽ በቀጥታ የኢንፌክሽን መከላከል ክፍሉን ጠይቂ። የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

2. ብዛትና ጨርቅ። ከሦስት ጥንድ በታች አትግዢ። አንዱ ገላሽ ላይ፣ አንዱ እጥበት ላይ፣ አንዱ ሎከርሽ ውስጥ። ሎከር ውስጥ የሚቀመጠውን ሰው ሁሉ ይንቀዋል። አንዲት ባልደረባዬ ሌሊት ማዋለጃ ክፍል ተረኛ ሆና ሽርት ውሃ ከደረቷ እስከ ጉልበቷ ወረደባት። ቅያሪ አልነበራትም። የታካሚ ጋውን፣ ያንን ከኋላ የሚታሰረውን፣ ደርባ ነው እስከ ንጋት የሠራችው። የታካሚ ቤተሰብ «ነርሷን ጥሪልን» እያሉ ሲልኳት ነበር ያደሩት። ከዚያ ወዲህ የእኔ ቅያሪ ከሎከሬ ወጥቶ አያውቅም።

ጨርቁ ድብልቅ ይሁን። ብዙ ጊዜ 65 በመቶ ፖሊስተር፣ 35 በመቶ ጥጥ የሆነውን ታገኛለሽ፤ እሱ ይበቃል። ንጹህ ጥጥ ገላ ላይ ደስ ይላል፤ ግን ይጨማደዳል፣ በሙቅ ውሃ ሲታጠብም ይኮማተራል። ንጹህ ፖሊስተር ያፍናል። ጀርም ደግሞ በየትኛውም ጨርቅ ላይ ለቀናት ሊቆይ ይችላል። «የእኔ ጨርቅ ጀርም አይዝም» የሚልሽን ሻጭ አትመኚ። ዋናው አጥበሽ መቀየርሽ ነው።

ስትለኪ ቆመሽ በመስታወት ብቻ አትዪ። ቁጢጥ በይ። ሁለት እጅሽን ግሉኮስ እንደሚሰቅል ሰው ወደ ላይ ዘርጊ። ጎንበስ ብለሽ አልጋ አንጥፊ። ሸሚዙ ወደ ላይ ሸሽቶ ወገብሽ ከታየ፣ አንገቱ ወደ ታች ወርዶ ደረትሽ ከታየ ልክሽ አይደለም። ነጭ ከሆነ ብርሃን ላይ ይዘሽ እጅሽን ከኋላው አድርጊ፤ እጅሽ ከታየሽ የውስጥ ልብስሽም ይታያል። ኪሱ ጠለቅ ያለ ይሁን፤ ጠለቅ ካላለ ጎንበስ ባልሽ ቁጥር እስክሪብቶና መቀስ ታካሚ ላይ ይወድቃል።

ኦፕሬሽን ክፍል ከሆነ የተመደብሽው ግን አትግዢ። ስክራቡን፣ የኦፕሬሽን ክፍል ልብሱን ማለቴ ነው፣ እዚያው ይሰጡሻል፣ እዚያው ያጥቡታል። ለብሰሽው ወደ ቤት የምትሄጂበት ልብስ አይደለም። «ለምን አረንጓዴ ሆነ?» ብሎ የጠየቀም ነበር፤ በአጭሩ ልመልስ። ድሮ ነጭ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1914 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሃሪ ሸርማን የተባለ ቀዶ ሐኪም ነጩ ብርሃን እያንጸባረቀ ዓይኑን ስላስቸገረው ወደ አረንጓዴ ቀየረው። ቀይ ደም ላይ ለረጅም ጊዜ ያፈጠጠ ዓይን ነጭ ነገር ላይ ሲያርፍ አረንጓዴ ጥላ ይታየዋል፤ አረንጓዴና ሰማያዊ ጨርቅ ላይ ግን ያ ጥላ አይረብሽም።

3. ጫማ። ዩኒፎርም ላይ ቆጥበሽም ቢሆን ጫማ ላይ አትቆጥቢ። ፊቱም ተረከዙም የተዘጋ፣ በጨርቅ የሚወለወል፣ እርጥብ ወለል ላይ የማያንሸራትት። ከላይ ቀዳዳ ያለው ጫማ ቀላልና ምቹ ነው ያሉሽ አሉ። እኔ አልስማማም፤ በፍጹም። የወደቀ መርፌ በቁሙ ሊወርድ ይችላል፣ ቀዳዳውንም አይቶ አያልፍም። ደምም እንደዚያው ነው። ሸራ ጫማም ፈሳሽ ይመጥጣል። ስትገዢ አመሻሽ ላይ፣ እግርሽ አበጥ ሲል ሂደሽ ለኪ፤ ጠዋት የበቃሽ ጫማ ሌሊት ተረኛ ስትሆኚ ይቆነጥጥሻል። ረጅም ሰዓት የምትቆሚ ከሆነ ጠበቅ የሚያደርግ ካልሲ እግር ከማበጥ ያግዛል።

4. ጥፍር። «ጓንት ስለምናደርግ ሰው ሠራሽ ጥፍር ችግር የለውም» ያለችሽን እህት እንዳትሰሚያት፤ አደራ። ጓንት ይቀደዳል፣ ረጅም ጥፍር ደግሞ ቶሎ ይቀደዋል። ከሰው ሠራሽ ጥፍር ሥር ጀርም ታጥቦ አይወጣም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው የእጅ ንጽህና መመሪያ ታካሚ የሚነካ ሠራተኛ ሰው ሠራሽ ጥፍር እንዳያደርግ፣ የራሱም ጥፍር ከ0.5 ሴንቲሜትር እንዳይበልጥ ይላል። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን የምትይዢ ከሆነማ ክርክር አያስፈልገውም።

ሂጃብ ወይም ሻሽ የምታደርጊ ከሆነ ጫፉ የማይንጠለጠል ይሁን፤ በየቀኑም ቀይሪው። ፀጉር ይታሰር። ሰዓት ደረት ላይ የሚንጠለጠለውን ግዢ፤ ሰከንድ ቆጣሪ ይኑረው፤ የልብ ምት ያለ እሱ አትቆጥሪም።

እጥበቱን በደንብ ያዢው። የሆስፒታሉ ላውንደሪ የሚያጥብ ከሆነ ለእሱ ስጪ። ቤት ከሆነ ግን ዩኒፎርሙን ሆስፒታል ቀይረሽ፣ በላስቲክ አስረሽ ውሰጂው። ለብሰሽው ታክሲ ውስጥ እንዳትገቢ፣ ልጅም እንዳታቅፊበት። ከቤተሰቡ ልብስ ለይተሽ እጠቢው። ጨርቁ በሚችለው መጠን በሙቅ ውሃ ይሁን፤ በ60 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ ሲታጠብ አብዛኛው ጀርም ይሞታል። ደም ካለበት ግን አስቀድመሽ በቀዝቃዛ ውሃ አስለቅቂው፤ ሙቅ ውሃ ደምን ጨርቁ ላይ ያደርቀዋል። በረኪና ለነጩ ብቻ። ከአሲድም ከአሞኒያም ጋር እንዳትቀላቅዪው፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

አሁን የተመደብሽበትን ክፍል እዚሁ ጻፊልኝ። ያን ገጽ ስንጽፍ የየክፍሉን ዝርዝር ለይተን ስለነበር ያንቺን ክፍል የሚመለከተውን እልክልሻለሁ። እስከዚያ ምንም አትግዢ፤ ጫማውም ቢሆን እንደ ክፍሉ ሊለያይ ይችላል።