ዕቃ ባበላሽስ?

ባለፈው ሳምንት ሀዋሳ አሞራ ገደል አሳ እየበላን አንዲት የማስተርስ ተማሪ "ጋሼ፣ ኤክስፐሪመንታል ኑክሌር ፊዚክስ ብገባ ደስ ይለኛል፣ ግን ዕቃ ባበላሽስ ብዬ እፈራለሁ፣ ቲዎሪ ይሻለኛል መሰለኝ" አለችኝ። አይዞሽ ብዬ አለፍኩት፣ ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያው ፍርሃት በሷ ዕድሜ እኔንም ይዞኝ ነበር፣ በዛ ፍርሃት ያደረግኩትን ደግሞ እስከዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ውጭ አገር ለፒኤችዲ ሄጄ የመጀመሪያ ቢም ታይሜ ላይ ነው። ቢም ታይም ማለት ወራት ጠብቃችሁ አክስለሬተሩ፣ የአቶም ቅንጣቶችን አፍጥኖ በጨረር (በቢም) መልክ የሚተኩሰው ማሽን፣ ለግሩፓችሁ የሚሰጥባት ጥቂት ቀን ናት፣ ስለዚህ 24 ሰዓት በሺፍት ነው የሚሰራው፣ እኔ ሌሊት ደረሰኝ። 9 ሰዓት አካባቢ የላላች ኬብል ላጠብቅ እጄን ስሰድ ክንዴ የአምፕሊፋየሩን የጌይን ማዞሪያ፣ የዲቴክተሩን ሲግናል ምን ያህል እንደሚያጎላ የሚወስነውን፣ ነካው። የዞረው ትንሽ ነው፣ ጥፍር አታክልም። መለስኩት፣ የመለስኩት መሰለኝ። ከዛ ስክሪኑ ላይ የፖታሲየም 40ን ፒክ፣ የጋማ ጨረሩ ኢነርጂ ላይ የሚቆመውን ጉብታ፣ አየሁ። ይሄ ፒክ ከግድግዳው ኮንክሪት ነው የሚመጣው፣ ቢም ኖረ አልኖረ 1461 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የኢነርጂ መለኪያ ነው) ላይ ቁጭ ይላል፣ ለኛ እንደ ችካል ነበር። 6 ቻናል ሄዷል፣ ቻናል ማለት ስክሪኑ ላይ የኢነርጂው መስመር የተከፈለባት ትንሽ ክፍል ናት። ያ 3 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ነው፣ የጋማን ኢነርጂ የሚለካው ጀርማኒየም ዲቴክተር እዛ አካባቢ የአንድ ፒክ ስፋቱ 2 ገደማ ስለሆነ 3 ቀላል ነገር አይደለም።

ሎግቡኩ ፊቴ ተከፍቷል፣ እስክሪብቶው ላዩ ላይ አለ። "9፡10፣ ጌይን ተነካ" ብል በቃኝ። አልጻፍኩም። ከኛ አገር እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ያ ኢትዮጵያዊ አበላሸው ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።

ዳታው ሲደመር አንዱ የጋማ መስመር ሁለት ቦታ የተሰነጠቀ መሰለ። አንድ ሲኒየር ተማሪ፣ እንግዳ ሆኜ ስመጣ ቤቱ ጠርቶ ምሳ ያበላኝ ልጅ፣ አዲስ ነገር አገኘሁ ብሎ 4 ወር ደከመበት። በመጨረሻ ራኖቹን፣ ዳታው የተቀዳባቸውን ዙሮች፣ አንድ በአንድ ለይቶ የፖታሲየሙን ፒክ ሲያይ ገባው። ማነው የነካው ብሎ ሁላችንንም ጠየቀ። ዝም አልኩ። እሱም ለፕሮፌሰሩ "ካሊብሬሽኑን እኔ ነኝ የሳትኩት" ብሎ በራሱ ላይ ወሰደው፣ እኔ እዛው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ እየሰማሁ። ተጽፎ ቢሆን ራኖቹን ለሁለት ከፍሎ ለየብቻ ካሊብሬት ማድረግ፣ ማለትም ቻናሉን ወደ ኢነርጂ መቀየር፣ የአንድ ከሰዓት ስራ ነበር።

ኳንተም አንብቡ፣ ፓይተን ልመዱ ምናምን አልላችሁም፣ እሱን ታውቁታላችሁ። ሎግቡክ ላይ ጻፉ፣ በእስክሪብቶ፣ ከነሰዓቱ፣ በተለይ የሚያሳፍራችሁን። የዛሬ ልጆች ጂያንት4 በሚባለው ሶፍትዌር ሲሙሌሽን ስትሰሩ እኛን ታስንቃላችሁ፣ ግን ሲሙሌሽን ውስጥ የማንም ክንድ ማዞሪያ አይነካም። ብዙዎቻችሁ ሶልደር (የሽቦ መበየጃ) ይዛችሁ አታውቁም። እኔ ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ሬዲዮ ጠጋኝ ጋ ስውል የሶልደሩ ጭስ ሽታ ልብሴ ላይ እየቀረ እናቴ ትቆጣኝ ነበር፣ አሁንም ሲሸተኝ ሀዋሳ ነው ትዝ የሚለኝ።

ውጭ ለመሄድ ደግሞ አትቸኩሉ። ሶዲየም አዮዳይድ የሚባለውን ቀለል ያለ የጋማ ዲቴክተር ካገኛችሁ ይበቃል፣ የሲዚየም 137ን የ662 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ፒክ ራሳችሁ ለክታችሁ አውጡ፣ የሀዋሳን አፈር በጣሳ አምጥታችሁ ሌሊቱን ሙሉ ቁጠሩ፣ ከዛ የክፍሉን የራሱን ጨረር ለመቀነስ ያለ አፈር ሌላ ሌሊት። 100 ካውንት 10 ፐርሰንት ያወላውላል፣ 1 ፐርሰንት ለማድረስ 10,000 ያስፈልጋል፣ ትዕግስት የሚጠይቀው እዚህ ጋ ነው። ይሄን እያልኩ ግን ደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን አጠገብ ካለው የአክስለሬተር ማዕከል፣ ከኢቴምባ ላብስ፣ ዕድል ከመጣላችሁ ነገ ተነሱ፣ ቢም ሳያዩ ኤክስፐሪመንታሊስት መሆን የለም።

ለዛ ሲኒየር ልጅ ትናንት ማታ ኢሜይል ጻፍኩለት፣ ሰዓቱን ጭምር፣ 9፡10 ብዬ። ልጅቷንም ቅዳሜ ጠዋት ላብ ነይ ብያታለሁ፣ ኬብሉን ራሷ ትሰካለች፣ የዲቴክተሩን ሃይ ቮልቴጅም ቀስ እያለች ራሷ ታነሳዋለች።