«ታይኒ ሃውስ» መዝገበ ቃላት ውስጥ ይግባ? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

«ታይኒ ሃውስ» (በእንግሊዝኛ ቃል በቃል «ትንሽዬ ቤት») በጣም ትንሽ ሆኖ ለብቻው የቆመ መኖሪያ ቤት ነው። ቃሉ በአማርኛ መዝገበ ቃላት ይካተት ወይ ብላችሁ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችኋል።

ጥያቄ፦ «ትንሽ ቤት» ብለን ብንመዘግበውስ?

መልስ፦ አይሆንም። «ቡና ቤት»ን እዩ። ቡናንም ቤትንም የሚያውቅ እንግዳ ሰው፣ ቢራ የሚጠጣበት ቦታ መሆኑን በምን ያውቃል? ስለዚህ የራሱ ፍቺ ያስፈልገዋል። «ትንሽ ቤት» ግን ከሁለቱ ቃላት የሚተርፍ ትርጉም የለውም። «አነስተኛ ቤት» ብትሉት ምንም አይጎድልም። መሀሉ ላይ ቃል ጨምራችሁ «ትንሽ ነጭ ቤት» ብትሉም ያስኬዳል። «ቡና ነጭ ቤት» ይባላል እንዴ?

ጥያቄ፦ በእንግሊዝኛም እኮ ሁለት ተራ ቃላት ናቸው።

መልስ፦ ናቸው፤ አጠቃቀሙ ግን ጠብቧል። አፓርታማ የቱንም ያህል ቢያንስ በዚህ ስም አይጠራም። ብዙ ጊዜ ቤቱ የሚሠራው ጎማ ባለው ተጎታች ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚሠራበት የመኖሪያ ቤቶች ኮድ እ.ኤ.አ. በ2018 እትሙ ልኩን አስቀምጧል፦ ቆጡ ሳይቆጠር፣ የወለሉ ስፋት ከ400 ስኩዌር ፊት ያልበለጠ። 37 ካሬ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ይህን ሁሉ ከ«ትንሽ» እና ከ«ቤት» ማንም አያወጣውም።

ጥያቄ፦ ታዲያ «ታይኒ ሃውስ»ን እንዳለ ብንወስደውስ?

መልስ፦ ማስረጃ ካለ ደስ ይለኛል። የውጭ ቃል መሆኑ አያግደውም፤ «ሳሎን»ም «ቪላ»ም ከውጭ የመጡ ናቸው። ዊክሽነሪ፣ ማንም የሚያርመው የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት፣ ብዙ ጽሑፍ ላላቸው ቋንቋዎች የሚጠይቀው ቢያንስ ሦስት ምስክር ነው፦ በተለያዩ ሰዎች የተጻፈ፣ ቢያንስ በአንድ ዓመት ጊዜ ላይ የተዘረጋ። እኔም በዚህ ሚዛን አምናለሁ። አንድ ነገር ግን ለዩልኝ። «ታይኒ ሃውስ የሚባል ነገር አለ» የሚል ጸሐፊ ቃሉን እያስተዋወቀ ነው እንጂ አልተጠቀመበትም። «ታይኒ ሃውሳችንን ሸጥነው» ብሎ ያለ ማብራሪያ የሚያልፍ ካገኛችሁ ያን ላኩልኝ። ያ ቃል የአማርኛ ቅጥያ ለብሷል፤ ተላምዷል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ «ጎጆ» እያለልን?

መልስ፦ የኔም ልብ ወደ «ጎጆ» ያደላል። «ጎጆ ወጣ» ስንል ራስን ችሎ መኖር መጀመርም አለበት፤ ያምራል። ግን መዝገበ ቃላት የወደድነውን ቃል የምንሾምበት ቦታ አይደለም። ሰዎች ባለጎማውን ቤት «ጎጆ» ማለት ከጀመሩ፣ በ«ጎጆ» ሥር ተጨማሪ ፍቺ እንጽፋለን።

ጥያቄ፦ እስከዚያስ አንባቢ የት ይፈልገው?

መልስ፦ በእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት። እዚያ ዛሬውኑ መግባት አለበት።