ማታ አጠፋዋለሁ፤ እሱ ግን «19 ቀን በርቻለሁ» ይለኛል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከሐዋሳ ነው፤ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ዊንዶውስ 10 የተጫነበት ያገለገለ ላፕቶፕ አለኝ። ፓስወርድ አስገብቼ ዴስክቶፑ ከመጣ በኋላ አሥር ደቂቃ ያህል ምንም አያስነካኝም። ታስክ ማናጀርን ስከፍት ዲስኩ 100 ፐርሰንት ይላል፤ «ሰርቪስ ሆስት» የሚል ስም ደግሞ ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። ቫይረስ ይሆን? የገረመኝ ነገር፣ ማታ ማታ እያጠፋሁት ከበራ 19 ቀን እንደሆነው ያሳያል። ጥገና ቤት ስወስደው «ፎርማት ይደረግ» አሉኝ። ላስደርገው?

መልስ፦ ኧረ ይቆዩ! ፎርማት በኛ አገር ለሁሉም በሽታ የሚታዘዝ ክኒን ሆኗል።

ከ19ኙ ቀን ልጀምር። ላፕቶፕዎ አልዋሸም። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባል ነገር አለ። ሹት ዳውን ሲሉት ፕሮግራሞችዎን ይዘጋል፣ ከአካውንትዎም ያስወጣዎታል። ከርነሉን (የዊንዶውስን እምብርት) እና ድራይቨሮቹን (ዊንዶውስን ከላፕቶፑ ዕቃዎች ጋር የሚያግባቡትን ፕሮግራሞች) ግን አይዘጋም። ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻው) ላይ እንዳሉ ዲስኩ ውስጥ ወዳለ ድብቅ ፋይል ይገለብጣቸውና ይጠፋል። ጠዋት ሲያበሩት ከዜሮ አይነሳም፤ ያንኑ ፋይል መልሶ ያነባል። ቆጣሪውም ካቆመበት ይቀጥላል። ሪስታርት ሲሉት ግን ሁሉንም ዘግቶ እንደ አዲስ ይነሳል። ብዙ ሰው ሹት ዳውን ይበልጥ የሚያጠፋ ይመስለዋል፤ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አንድ ድራይቨር ከሁለት ሳምንት በፊት ተበላሽቶ ከሆነ እስከ ዛሬ አብሮዎት እያደረ ነው። ስለዚህ አሁኑኑ ሪስታርት ያድርጉት። የምር ማጥፋት ሲፈልጉ ደግሞ ሺፍትን ተጭነው ሳይለቁ ሹት ዳውንን ይንኩ።

ወደ አሥሩ ደቂቃ ስንመጣ፣ ዴስክቶፑ ታየ ማለት ሲስተሙ ተነስቶ አበቃ ማለት አይደለም። ፓስወርድ ከመጠየቅዎ በፊት ከርነሉ ተነስቷል፣ ብዙ ሰርቪሶችም (ከጀርባ ሆነው የሚሠሩ ፕሮግራሞች) ሥራ ጀምረዋል። ሆን ተብለው እንዲዘገዩ የተደረጉም አሉ፤ ለምሳሌ ፋይሎችዎን እየዞረ የሚመዘግበው የፍለጋ ሰርቪስ የሚነሳው ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ነው። በዚያ ላይ ቴሌግራሙ፣ የፕሪንተሩ ረዳት ፕሮግራም፣ አንቲቫይረሱ፣ አፕዴቱ ይመጣሉ። እርስዎ ኤክሴል ልከፍት ሲሉ እነሱ ገና በር ላይ እየተጋፉ ነው።

ግፊያው የሚብሰው አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለ፤ በብዙ ላፕቶፖች በደቂቃ 5400 ዙር ይዞራል። ከሱ ላይ የምታነብ ትንሽ ክንድ አለች። ሁሉም በአንዴ «የኔን አንብቢልኝ» ሲሏት ወዲያ ወዲህ ስትል ጊዜው ያልቃል። ያ 100 ፐርሰንት ይሄ ይመስለኛል። ለማረጋገጥ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ይጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል፤ ፐርፎርማንስ ውስጥ ገብተው ዲስክ የሚለውን ሲነኩ ኤችዲዲ (ይሄ የሚሽከረከረው) ወይም ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣኑ ዓይነት) ብሎ ይነግርዎታል። ዊንዶውስዎ አፕዴት ካልተደረገ ግን ይህን ላያሳይ ይችላል።

ላፕቶፑ ሲበራ አብረው የሚነሱትን ፕሮግራሞች የሚዘረዝረው ስታርትአፕ የሚለው ገጽም እዚያው ታስክ ማናጀር ውስጥ አለ። ቴሌግራምንና የፕሪንተሩን ረዳት ዲሴብል ያድርጓቸው። አይጠፉም፤ ሲፈልጓቸው ራስዎ ይከፍቷቸዋል። አንቲቫይረሱን ግን አይንኩት።

ሰርቪስ ሆስት በራሱ ቫይረስ አይደለም። ሰርቪሶችን ተሸክሞ የሚያሠራ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። ድሮ ብዙዎቹን በአንድ ላይ ይጭናቸው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ግን ራሙ ከ3.5 ጊጋባይት ከበለጠ አብዛኞቹን ለየብቻ ያስቀምጣቸዋል፤ አንዱ ሲወድቅ ሌሎቹን ይዞ እንዳይወድቅ። ዝርዝሩ የረዘመው ለዚህ ነው። ከተጠራጠሩ ቀኝ ክሊክ አድርገው ፋይሉ ያለበትን ቦታ ይክፈቱ። ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ፣ ሲስተም 32 ላይ ከሆነ ችግር የለም። ዳውንሎድስ ውስጥ ካገኙት ግን ያኔ ይደንግጡ፤ በስሙ የሚነግድ ሌላ ነው።

ይህን ሁሉ አድርገው ካልተሻለው፣ ዲስኩም ኤችዲዲ ከሆነ፣ ገንዘብዎን ለኤስኤስዲ ያውጡት። ጥገና ቤቱ አሮጌውን ዲስክ እንዳለ ወደ አዲሱ እንዲገለብጥልዎ ይጠይቁ፤ ፕሮግራሞችዎን እንደገና መጫን አይኖርብዎትም። የሂሳብ ፋይሎቹን ግን ላፕቶፑን ከማስረከብዎ በፊት በፍላሽ ይያዙ።