ቀኑንም ስሙንም ጻፉ

ልጆቼ፣

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ታሪካቸውን ካነበብኳቸው ሰዎች መካከል እንደ ሆሴ ዴ ላ ሉስ ሳኤንስ ልቤን የነካው የለም። እኔም እንደ እሱ መምህር ስለነበርኩ ይሆናል።

ሳኤንስ እ.ኤ.አ. በ1888 በደቡብ ቴክሳስ፣ ሪያሊቶስ በምትባል ትንሽ መንደር ተወለደ። በዚያ ዘመን የሜክሲኮ ዘር ያላቸው ልጆች «የሜክሲኮ ትምህርት ቤት» ወደሚባል የተለየ ቤት ይላኩ ነበር። እሱም ቀን ቀን እነዚህን ልጆች፣ ማታ ደግሞ ጎልማሶችን ያስተምር ነበር።

አሜሪካ አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ስትገባ፣ በ1918 ሚስቱንና ልጆቹን ተሰናብቶ ወዶ ዘመተ። ለዴሞክራሲ ብለን ባሕር ተሻግረን ከተዋጋን፣ በገዛ አገራችን እኩልነታችንን ማን ይክደናል ብሎ ነው። ከ90ኛው ክፍለ ጦር ጋር በፈረንሳይ ምድር ሳን ሚዬልና ሜዝ-አርጎን ላይ ተሰለፈ።

እኔን የሚገርመኝ ግን ውጊያው አይደለም። በዚያ ሁሉ ጭቃና ጥይት መካከል የዕለት ማስታወሻውን አለማቋረጡ ነው። መጻፍ ለማይችሉ ጓዶቹም ለቤተሰቦቻቸው ደብዳቤ ይጽፍላቸው ነበር። የወታደር ልብስ ለበሰ እንጂ መምህርነቱን አላወለቀም።

በ1919 ሲመለስ የጠበቀውን አላገኘም። የሜክሲኮ ዘር ያላቸው ልጆች ያኔም በዚያው በተለየው ትምህርት ቤት ነበሩ። ፈረንሳይ ድረስ ሄዶ የተዋጋ ሰው አገሩ ገብቶ ከምግብ ቤት በር ተከልክሎ ይመለስ ነበር። እንዲህ ያለው ነገር ስንቱን ሰው አንገት አስደፍቶ አስቀርቷል! ሳኤንስ ግን ወደ ጠመኔው ተመለሰ፤ በስፓኒሽ ጋዜጦችም ይጽፍ ነበር። በ1929 ኮርፐስ ክሪስቲ ከተማ የላቲን አሜሪካውያን ዜጎች ማኅበር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆነ። በ1933 ያን የጦር ሜዳ ማስታወሻ በመጽሐፍ አወጣው። ከዚያ ወዲያ «እናንተ ለዚህች አገር ምን አደረጋችሁ?» ለሚል ሁሉ መልሱ ከነቀኑና ከነቦታው ተጽፎ ተቀመጠ።

በ1953 አረፈ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሕገ መንግሥቱ እኩል ጥበቃ ለሜክሲኮ ተወላጆችም ነው ብሎ የወሰነው በ1954 ነው። አንድ ዓመት ቢቆይ ኖሮ ይሰማው ነበር፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴን ይበላኛል።

እናንተም በደል ሲደርስባችሁ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተባለውን ቃል እዚያው ማታውን ጻፉ። ደግ የዋለላችሁንም ሰው ስም ጻፉ። ነገ እጽፈዋለሁ አትበሉ። እኔ ነገ፣ ነገ እያልኩ ዕድሜዬ ሄደ። መጀመሪያ ባስተማርኩበት ክፍል 70 ልጆች ነበሩ። አንዳንዶቹ ሌሊት ተነስተው፣ ቁርስ ሳይቀምሱ፣ ወንዝ ተሻግረው ይመጡ ነበር። ዛሬ በስማቸው የምጠራቸው ስድስቱን ብቻ ነው።